በልክ የሚሠራ የጥርስ መከላከያ፦ ከወሎ ተጫዋቾችና ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ ውስጥ ጥርስ በማክምባቸው ዓመታት ወላጆች፣ ተጫዋቾችና አሰልጣኞች ደጋግመው የጠየቁኝ ከነመልሱ እነሆ።

የጥርስ መከላከያ ምንድን ነው?

በስፖርት ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ በላይኛው ጥርስ ላይ የሚጠለቅ፣ ለስለስ ብሎ ግን በቀላሉ ከማይቀደድ ፕላስቲክ የሚሠራ ሽፋን ነው። ቦክሰኞች አፋቸው ውስጥ የሚያደርጉት ነገር እሱ ነው፤ አሰልጣኞች «ማውዝጋርድ» ይሉታል። የታችኛው መንጋጋው ወደ ፊት ለወጣ ሰው ለታችኛው ጥርስ ሊሠራለት ይችላል።

ክርን ወይም ኳስ አፍ ላይ ሲያርፍ ጉልበቱ በአንድ ጥርስ ላይ እንዳይወድቅ ለብዙ ጥርሶች ያከፋፍለዋል። ከንፈርና ጉንጭ በራሳችን ጥርስ እንዳይቆረጡም በመሃል ይገባል። አገጭ ከታች ወደ ላይ ሲመታ ደግሞ የታችኛው ጥርስ ከላይኛው ጋር የሚጋጭበትን ኃይል ያለዝበዋል። ብዙ ሰው የሚፈራው ለፊት ጥርሱ ብቻ ነው፤ አገጭ ላይ ያረፈ ምት ግን የኋላ መንጋጋ ጥርስን ሊሰነጥቅ ይችላል።

በልክ የሚሠራው ሱቅ ውስጥ ከሚሸጠው በምን ይለያል?

ሱቅ ውስጥ ሁለት ዓይነት ያገኛሉ። አንደኛው ተዘጋጅቶ የመጣ፣ ለማንም አፍ ያልተለካ ነው። አፍ ሲከፈት ስለሚወድቅ ልጁ ነክሶ ይዞት ይሮጣል፤ ተጣርቶ ኳስ መጠየቅ አይችልም፣ ትንፋሹም ያጥረዋል። ስለዚህ ከእረፍት በፊት አውጥቶ ካልሲው ውስጥ ይሸጉጠዋል። ካልሲ ውስጥ የተሸጎጠ መከላከያ ደግሞ አንድም ጥርስ አያድንም። ሁለተኛው በፈላ ውሃ ተነክሮ ከለሰለሰ በኋላ ተነክሶ ቅርጽ የሚይዘው ነው። ከመጀመሪያው በብዙ ይሻላል። ድክመቱ፣ ሰው ሲነክሰው ጠበቅ አድርጎ ስለሚነክስ መከላከያው በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ይሳሳል። (ደሴ ከፍታዋ ወደ 2,500 ሜትር ስለሚጠጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። «ውሃችን በደንብ ስለማይፈላ ነው ያልያዘልኝ» ያለኝ አሰልጣኝ ነበር፤ ፕላስቲኩ ከዚያ ባነሰ ሙቀትም ስለሚለሰልስ ችግሩ ያ አይደለም።)

በልክ የሚሠራው የእርስዎ ጥርስና ድድ ቅርጽ ተወስዶ በዚያ ላይ የሚቀረጽ ነው። ውፍረቱ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የት መወፈር የት መሳሳት እንዳለበት የሚወስነው የሠራው ባለሙያ ነው። አፍዎን ከፍተው ቢጮኹም ከጥርስዎ ጋር እንደተጣበቀ ይቆያል። የእኔ ጽኑ እምነት ይህ ነው፦ ከውፍረቱም ከስሙም በላይ የሚያስፈልገው አፍ ውስጥ መቆየቱ ነው፤ የሚቆየውም ልክ ሲሆን ነው። በልክ ማሠራት እስኪችሉ ድረስ ግን ሁለተኛውን ዓይነት ይጠቀሙ፤ ያለ ምንም ከመጫወት እጅግ የተሻለ ነው።

የምጫወተው እግር ኳስ ብቻ ነው። ለእኔም ያስፈልገኛል?

የእግር ኳስ ሕግ የቅልጥም መከላከያን ያስገድዳል፤ የጥርሱን አያስገድድም፣ አይከለክልምም። ስለዚህ ውሳኔው ለእርስዎ የተተወ ነው። ሆጤ ሜዳ ቆመው የማዕዘን ምት ሲሻማ ያስተውሉ፤ ኳሷን ሳይሆን ክርኖቹን ይመልከቱ። ለግንባር ኳስ አብረው የሚዘሉ ሁለት ልጆች አንዱ የሌላውን አፍ በጭንቅላቱ ሊመታ ይችላል። በረኞችና ተከላካዮች ቢያደርጉት ደስ ይለኛል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የላይኛው የፊት ጥርሱ ወደ ውጭ ወጣ ያለ ተጫዋች፤ እንዲህ ያለ ጥርስ ከሌላው ይልቅ ቀድሞ ይመታል።

በቦክስ ያለ መከላከያ ውድድር አይገባም። በወርልድ ቴኳንዶ ሕግም ግዴታ ነው፤ ቀለሙም ነጭ ወይም ብርሃን የሚያሳልፍ መሆን አለበት። በአማተር ቦክስ ደግሞ ቀይ አይፈቀድም፤ ደም ቢፈስ ከደሙ ለመለየት ያስቸግራልና። ቀለም ከመምረጥዎ በፊት አሰልጣኝዎን ይጠይቁ። በሲሚንቶ ሜዳ ቅርጫት ኳስ ለሚጫወትም እመክራለሁ። ሩጫ ብቻ የሚሮጥ ሰው አያስፈልገውም፤ ገንዘቡን ለጫማ ያውለው።

ለገና ጨዋታስ?

ከእግር ኳስ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን ሽማግሌም ወጣትም ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይዞ ሜዳ ይወጣል። ከእንጨት የተጠረበች እሩር ከመሬት ተነሥታ ፊት ላይ ስትመጣ ለማየትም ጊዜ አትሰጥም፤ ወደ ኋላ ተወርውሮ የሚመለሰውን የጓደኛ ዱላ ደግሞ የሚያየው የለም። «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባላል፤ የተመታው አይቀየምም፣ የመታውም አይከሰስም። ደስ የሚል ባህል ነው፤ አባቴም ይጫወት ነበር፣ እንዲቀርም አልፈልግም።

ገና ከሜዳ ሆኪ ጋር በብዙ ይመሳሰላል፤ የሆኪ ተጫዋቾች ደግሞ የጥርስ መከላከያ ማድረግ ከለመዱ ቆይተዋል። እኛስ ለምን አንለምድም? ለገና ለማድረስ ልኬቱን ኅዳር ላይ ያስወስዱ። ዐይንንና አፍንጫን እንደማይሸፍን ግን አይዘንጉ፤ ልጆች ሲጫወቱ የእንጨቷን ትቶ በጨርቅ በተጠቀለለች ኳስ ማጫወት ይሻላል።

እንዴት ነው የሚሠራው? ያማል?

አያምም፤ መርፌም የለውም። መጀመሪያ አፍዎ ይታያል። የተቦረቦረ ጥርስ ካለ ይሞላል፣ ድድ ጥግ ጥርስ ላይ የተጋገረ ቆሻሻ ካለ ይጸዳል፤ ከመከላከያው በኋላ የተሞላ ጥርስ ቅርጹ ስለሚለወጥ መከላከያው አልገጥም ይላልና። ከዚያ አልጂኔት የሚባል ዱቄት በውሃ ይበጠበጣል። የገንፎ ያህል ሲወፍር በብረት ወይም በፕላስቲክ ትሪ ተሞልቶ ጥርስዎ ላይ ይጫናል። ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ ይረጋል። ቶሎ የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ ቀድመው ይናገሩ፤ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ራስዎን ወደ ፊት ዘንበል አድርገው በአፍንጫዎ ብቻ ሲተነፍሱ ያልፋል። ልጆችን የእግራቸውን ጣቶች እንዲያንቀሳቅሱ እነግራቸዋለሁ፤ ሐሳባቸው ወደ እግራቸው ሲሄድ ጉሮሯቸውን ይረሱታል።

ትሪው ሲወጣ ውስጡ የጥርስዎ ጉድጓድ ቀርቶበታል። በዚያ ላይ ጀሶ ይፈስሳል፤ ሲደርቅ የራስዎን የላይኛ መንጋጋ በእጅዎ ሊይዙት ይችላሉ። ይህ ጀሶ መሣሪያ ላይ ተቀምጦ፣ በሙቀት የለሰለሰ የፕላስቲክ ወረቀት ይወርድበትና አየሩ ከሥር ሲመጠጥ ወይም ከላይ በአየር ግፊት ሲጫን እያንዳንዱን ጥርስ አቅፎ ይይዛል። ከቀዘቀዘ በኋላ ጠርዙ ይቆረጣል፣ ይለሰልሳል። የከንፈር ጅማት (ከንፈርን ከውስጥ ከድድ ጋር የምታያይዘው ቀጭን ሥጋ) ያለችበትን ቦታ በደንብ መጥረብ ያስፈልጋል፤ እዚያ ላይ ያልተጠረበ መከላከያ በአንድ ልምምድ ድድ ይልጣል።

መጨረሻ ላይ አፍዎ ውስጥ ይሞከራል። ይህን አይዝለሉት። አፍዎን ከፍተው ይቆዩ፤ መውደቅ የለበትም። ይናገሩ፣ ውሃ ይጠጡ፣ ጥርስዎን ይግጠሙ፤ በግራና በቀኝ እኩል መንካት አለበት። የሚጎረብጥ ነገር ካለ «ይለመዳል» ብለው ይዘው አይሂዱ፤ እዚያው ይስተካከል።

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ማሠራት ይቻላል? ከወልዲያ ወይም ከላሊበላ የምንመጣውስ?

ሁሉም የጥርስ ክሊኒክ አይሠራውም፤ ስለዚህ ከመሄድዎ በፊት በስልክ «ለስፖርት የሚሆን የጥርስ መከላከያ በልክ ትሠራላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። የሰው ሠራሽ ጥርስ ልኬት የሚወስድ ክሊኒክ ሁሉ ለመከላከያውም ልኬት መውሰድ ይችላል፤ ሊጎድለው የሚችለው ፕላስቲኩን የሚያወርደው መሣሪያ ነው። መሣሪያው በሌለበት ጀሶው ታሽጎ ወደ ሌላ ላብራቶሪ ሊላክ ይችላል። 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስም ለጀሶ ምንም አይደለም።

መጓዝ የማይችለው አልጂኔቱ ነው። ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ሲኮማተር ልኩ ይጠፋል፤ ጀሶው በደቂቃዎች ውስጥ፣ እዚያው ልኬቱ በተወሰደበት ቦታ መፍሰስ አለበት። ከወልዲያ ደሴ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና «ልኬቱን እኛ ወስደን ነገ እንልካለን» የሚል ሰው ካጋጠመዎት ጀሶውን ራሱ እንዲያፈስስ ይጠይቁት።

ዋጋው ምን ያህል ነው?

ፕላስቲኩም አልጂኔቱም ከውጭ የሚገቡ ስለሆኑ ከክሊኒክ ክሊኒክ፣ ከወር ወር ይለያያል። ከመስማማትዎ በፊት ዋጋው ማስተካከያውን እንደሚጨምርና ጀሶው ለእርስዎ እንደሚሰጥ ይጠይቁ። የአዋቂ ሰው ጀሶ ከተቀመጠ ሁለተኛው መከላከያ ያለ አዲስ ልኬት ሊሠራ ይችላል። የሰፈር ቡድኖች ለማሊያ ገንዘብ ሲያዋጡ ይህንንም ቢያስቡበት መልካም ነው፤ አሥር ሆነው የመጡ ተጫዋቾች ቅናሽ ቢጠይቁ የሚያስቀይም ነገር የለውም።

ዋጋውን የምናወዳድረው ከጠፋ ጥርስ ጋር ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የፊት ጥርሱን ካጣ በአጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስ ወዲያው አይሠራለትም፤ መንጋጋው አድጎ እስኪያበቃ ዓመታት መጠበቅ አለበት። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ የሚወለቅ ጥርስ አድርጎ ይማራል፣ ይስቃል፣ ይበላል።

ትንፋሽ አያሳጥርም? መናገርስ እችላለሁ?

የደሴ ልጆች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ይህንን ነው። ዳገት ላይ ላደገ ሰው ትንፋሽ ሀብቱ ነው። በልክ የተሠራ መከላከያ አየር የሚያልፍበትን መንገድ አይዘጋም፤ ምላስዎም ቦታውን አያጣም። ትንፋሽ የሚያሳጥረው ነክሰው የሚይዙት ዓይነት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምራቅ ይበዛል፣ «ሰ» እና «ሸ» ይጣመማሉ። ቤት ውስጥ እያጠኑ ወይም ልብስ እያጠቡ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ያድርጉት። በሳምንት ውስጥ ይለመዳል። ከሳምንት በኋላም ካልተለመደ ጥፋቱ የመከላከያው ነው እንጂ የእርስዎ አይደለም፤ ይዘው ይመለሱ።

ልጄ ጥርሱ ገና እየተቀየረ ነው። ልጠብቅ?

አይጠብቁ። ከ6 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ የወተት ጥርስ እየወለቀ ቋሚው እየበቀለ ስለሚሄድ ዛሬ ልክ የሆነ ነገር ከወራት በኋላ ይጠብበታል። ቢሆንም ቋሚዎቹ የፊት ጥርሶች ብቅ የሚሉት በዚሁ ዕድሜ ነው፤ ልጁም የሚሮጠውና የሚወድቀው በዚሁ ዕድሜ ነው። ባለሙያው ለሚበቅለው ጥርስ ክፍት ቦታ ትቶ ሊሠራለት ይችላል። አቅም ካልፈቀደ ለእነዚህ ዓመታት በፈላ ውሃ የሚለሰልሰውን እየቀያየሩ መጠቀም ተገቢ ምርጫ ነው።

የጥርስ ማስተካከያ ሽቦ አለኝ።

እንዲያውም የበለጠ ያስፈልግዎታል፤ ያለ መከላከያ ከንፈርዎ ሲመታ ሽቦው ላይ ይቦጨቃል። ጥርስዎ ግን ወደ አዲስ ቦታ እየሄደ ስለሆነ ጠብቆ የሚይዝ መከላከያ መንገዱን ይዘጋበታል። ከልኬቱ በፊት ሽቦው በሰም ይሸፈናል፣ መከላከያውም ላላ ተደርጎ ይሠራል። ሽቦውን ያሰረልዎትን ሐኪም ሳያማክሩ አያሠሩ፤ በፈላ ውሃ የሚለሰልሰውንም ሽቦ ላይ አይንከሱ።

ፍንጭቴን አይዘጋብኝም? ድዴ የተነቀሰ ነው፤ ችግር አለው?

ሁለቱንም የሚጠይቁኝ ሴት ተጫዋቾች ናቸው፤ ጥያቄያቸውም ተገቢ ነው። ፍንጭት በእኛ ዘንድ ውበት ነው። የስፖርት መከላከያ ጥርስን አይገፋም፣ አያቀራርብም፤ በልምምድና በጨዋታ ሰዓት ብቻ የሚደረግ ነው። ጀሶው ላይ ፍንጭትዎ እንዳለ ይወጣል፤ ፕላስቲኩም እንዳለ ይቀበለዋል።

የድድ ንቅሳትም አልጂኔቱን አይለውጠውም፤ አልጂኔቱም ንቅሳቱን አያስለቅቀውም። ድድዎ የሚደማ ወይም ያበጠ ከሆነ ግን ንቅሳቱ ሳይሆን እብጠቱ መጀመሪያ ይታከም።

እንዴት ላጽዳው? የት ላስቀምጠው?

ከጨዋታ በኋላ በቀዝቃዛ ውሃ ያለቅልቁት፤ ማታ ለስላሳ በሆነ የጥርስ ብሩሽና በትንሽ ሳሙና ያሹት፣ በደንብ ያጥቡት፣ ያድርቁት። ፈላ ያለ ውሃ አይንካው፤ ተጣምሞ ይቀራል። በረኪናም አይሆንም። መፋቂያ ለጥርስ ጥሩ ነው፤ መከላከያውን ግን ይጭረዋል፣ ጭረቱ ውስጥም ቆሻሻ ይገባል።

ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጡት። በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥ መጥፎ ሽታ ያመጣበታል። ኮምቦልቻና ከሚሴ ቀትር ላይ ፀሐይ ያረፈበት የመኪና ዳሽቦርድ ላይ የተተወ መከላከያ ማታ ላይ ለማንም አፍ አይሆንም። ለወንድምም ቢሆን አይዋሱት፤ ቢዋሱትም አይገጥመውም።

ስንት ጊዜ ያገለግላል?

ለአዋቂ አንድ ወይም ሁለት የውድድር ዘመን፤ ለልጅ እንደ ዕድገቱ ያነሰ። ከተቀደደ፣ ከሳሳ፣ ከላላ ወይም አዲስ ሙሌት ከተሞላልዎት ከዚያም በፊት ይቀየር። ሲያስቡ የሚያኝኩት ከሆነ ቶሎ ያልቃል።

ጾም ላይ ሆኜ ልኬት ማስወሰድ እችላለሁ?

አልጂኔት ጣዕም አለው፤ ጥቂት ሊዋጥም ይችላል፤ አፍም በውሃ ይጉመጠመጣል። ሃይማኖታዊ ፍርዱን ለመስጠት እኔ አይደለሁም፤ ለዚያ ሼኹ ወይም ቄሱ አሉ። በሕክምናው በኩል ግን የሚያጣድፍ ነገር ስለሌለው ረመዳን ከመግባቱ በፊት ወይም ከዒድ በኋላ፣ ዐቢይ ጾምን ለሚጾሙም ከጾሙ ሰዓት በኋላ ቢሆን ማንም አይጨነቅም። የጥርስ ሕመምና የወለቀ ጥርስ ግን ሌላ ነው፤ እሱን ለነገ አይበሉ።

ሌሊት ጥርሴን አፋጫለሁ። ይኸው የስፖርቱ መከላከያ ይሆነኛል?

አይሆንም። ለሚያፋጭ ሰው የሚሠራው ብዙ ጊዜ አክሪሊክ ከሚባል ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፤ ጥርስ ከጥርስ የሚገጥምበት ቦታም በጥንቃቄ ተለክቶ ይስተካከላል። የስፖርቱ ለስላሳ ስለሆነ አንዳንድ ሰው ሌሊት እንደ ማስቲካ ሲያኝከው ያድራል፤ ጠዋት መንጋጋው ይብስበታል። ጠዋት ሲነሡ መንጋጋዎ የሚደክም፣ ጥርስዎ ጫፉ ተፍቆ ጠፍጣፋ የሚሆን ወይም ለቀዝቃዛ የሚጠዘጥዝ ከሆነ ይታዩ። ጭንቀት፣ ሲጋራ፣ መጠጥና ብዙ ቡና ከማፋጨት ጋር አብረው ይታያሉ፤ ማታ የሚፈላውን ቡና ከአቦል እስከ በረካ የሚጠጣ ሰው ለጥቂት ሳምንታት ወደ ቀን ቢያዛውረው ለውጥ ካለ ራሱ ያየዋል። ከባድ ማንኮራፋት ካለና እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ የሚቋረጥ ከሆነ ከመከላከያው በፊት ለሐኪም ይንገሩ።

«ልጄ ሌሊት ጥርሱን ያፋጫል፤ ወስፋት ይዞት ነው?» የሚሉኝ እናቶች ብዙ ናቸው። ማፋጨት የወስፋት ምልክት ነው ብሎ መድኃኒት መስጠት ልክ አይደለም፤ ወስፋት የሚታወቀው በሰገራ ምርመራ ነው። የልጆች ማፋጨት አብዛኛውን ጊዜ ሲያድጉ ይተዋቸዋል።

ጭንቅላትን ከመናወጥ ይከላከላል?

እንደዚያ ብለው የሚሸጡ አሉ፤ ማስረጃው ግን እስካሁን አከራካሪ ነው። ጥርስን፣ ከንፈርንና መንጋጋን ይጠብቃል፤ ይህ በቂ ምክንያት ነው። ጭንቅላቱን የተመታ፣ የዞረበት፣ ያስመለሰው ወይም ግራ የተጋባ ተጫዋች መከላከያ አድርጎ ነበር ተብሎ ወደ ሜዳ አይመለስ።

ጥርስ ከነሥሩ ቢወልቅ ምን ላድርግ?

ከሐይቅ በኩል የመጣች አንዲት እናት አልረሳትም። ልጇ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ለግንባር ኳስ ሲዘል የጓደኛው ክርን አፉ ላይ አርፎ የላይኛው የፊት ጥርሱ ወልቋል። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ ጥርሱን መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ ደረቅ። «ጭቃ ነበረው፤ በሳሙና አሽቼ አጥቤዋለሁ ዶክተር» አለችኝ። ከሐይቅ ደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መኪና እስኪገኝ፣ ተራ እስኪደርስ ሁለት ሰዓት ተኩል አልፎ ነበር። በሳሙናው የታጠበው ጭቃው ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ ላይ ተጣብቀው የቀሩት፣ ጥርሱን ከአጥንቱ ጋር መልሰው የሚያያይዙት ሕያዋን ህዋሳትም አብረው ሄደዋል። የቀሩትም በነጠላው ውስጥ ደርቀዋል። መልሰን ተከልንለት፤ ነገር ግን እንዲህ ያለውን ጥርስ አጥንቱ ቀስ በቀስ እንደሚበላው ለእናቱ መንገር ነበረብኝ። ጠዋት ያለበችው ወተት ቤቷ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ማንም አልነገራትም።

ስለዚህ ይህን አሁን ያንብቡት። ጥርሱን ከአክሊሉ፣ ማለትም አፍ ውስጥ ከሚታየው ነጭ ክፍል ይያዙት፤ ሥሩን አይንኩት። ከቆሸሸ በወተት ወይም በንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ለ10 ሴኮንድ ያህል ብቻ ያለቅልቁት፤ አይሹት፣ ሳሙና አይንካው። ልጁ ነፍሱን ካወቀና ቋሚ ጥርስ ከሆነ የጥርሱን ፊት ወደ ውጭ አድርገው እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ይመልሱት፤ ንጹሕ ጨርቅ አስነክሰው ወደ ጥርስ ሐኪም ይሂዱ። መመለስ ካልደፈሩ ጥርሱን ወተት ውስጥ ይክተቱት፤ የላምም የፍየልም ይሆናል፤ እርጎና አሬራ ግን አይደለም። ወተት ከሌለ ልጁ ኩባያ ውስጥ ምራቁን ይትፋና ጥርሱ በዚያ ውስጥ ይቆይ። ዋናው እንዳይደርቅ ነው። በ30 ደቂቃ ውስጥ ቢደርስ በጣም ጥሩ፤ ደርቆ ከአንድ ሰዓት ካለፈ ዕድሉ ይመነምናል፤ ቢሆንም ጥለውት አይምጡ።

የወተት ጥርስ ከሆነ ወደ ቦታው አይመለስም፤ ከሥሩ የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ይጎዳልና። ጥርሱ ከነጭራሹ ካልተገኘ ልጁ ውጦት ወይም ወደ ሳንባው ስቦት ሊሆን ስለሚችል፣ በተለይ ሳል ካለው፣ ፈጥኖ ሆስፒታል ይታይ። ቁስሉ አፈር ነክቶት ከሆነም የቴታነስ ክትባቱን ያስታውሱ።

ጥርሴ ተመልሶ ተተክሏል። መቼ ልጫወት? የድሮውን መከላከያስ ላድርገው?

የተመለሰው ጥርስ ከጎረቤቶቹ ጋር በቀጭን ሽቦ ለ2 ሳምንት ያህል ይታሰራል። ሥሩ አድጎ ያበቃ ጥርስ ከሆነ በእነዚሁ ሁለት ሳምንታት ውስጥ የሥር ሕክምናም ይጀመርለታል። ሕመሙ ስለጠፋ ይህን ቀጠሮ የሚተው ብዙ ነው፤ ጥርሱ ግን ሳያም ውስጥ ውስጡን ያልቃል። ሽቦው ሳይፈታና ሐኪምዎ ሳይፈቅድ ግፊያ ያለበት ጨዋታ አይግቡ።

የድሮውን አያድርጉት። የተተከለ ጥርስ በፀጉር ስንጥቅ ያህል እንኳ ቦታውን ከለወጠ አሮጌው መከላከያ ሲጠልቅም ሲወልቅም ይጎትተዋል። ሽቦው በተፈታበት ቀን አዲስ ልኬት እንዲወሰድልዎ ቀድመው ይንገሩ፤ ለዚያ ቀን አልጂኔትና ጀሶ ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅዎ።